ከወንድም የተገዛ ገንዳ

ሴትዮዋ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሥራዋን ያየ ሰው ጠባይዋንም ያውቃል። ሰው ቤት ገብታ መስኮት ስትለካ ግራው ከቀኙ ዝቅ ብሎ ብታገኘው “ቤትዎ ተንጋዷል” አትልም፤ “ግድ የለም፣ ከታች በእጥፉ እናስተካክለዋለን” ነው የምትለው። የረጠበ ግድግዳ፣ የተሰነጠቀ ማዕዘን፣ ባለቤቱ ማየት የማይፈልገው ነገር ሁሉ እሷ በሰፋችው ጨርቅ ተጋርዶ ይኖራል። ደንበኞቿም ለዚሁ ይወዷታል። እናቷ “ዝም አይነቅዝም” እያለች ነበር ያሳደገቻት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን እናቷ ተሳስታለች፤ አንዳንዱ ዝምታ ይነቅዛል፣ ያውም ከሥሩ።

ባሏ ጣሪያ ሠሪ ነበር። ነበር የምለው ሞቶ አይደለም። አንድ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ የወጣበት የመጋዘን ጣሪያ አንሸራተተውና ወደቀ፤ ወገቡ ተሰበረ፤ ሐኪሞቹም አጥንቱን በብረት ገጣጥመው ወደ ቤቱ መለሱት። እግሮቹ ጨርሰው አልሞቱም። ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፣ ሲነኩት ይሰማዋል፤ እግሮቹ ግን አይሸከሙትም። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ ቤት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልሳ ወደ አልጋ የምታነሳው እሷ ናት። እሱ ግዙፍ ሰው ነው። እሷ ደግሞ የጨርቅ ጥቅል ተሸክማ ደረጃ መውጣት ትችል እንደሆነ እንጂ እንዲህ ያለ ሸክም ለምዳ አታውቅም። ወገቧን ያማታል፤ ለማንም ግን አትናገርም።

ይታከምበት በነበረው የማገገሚያ ማዕከል አንድ የውሃ ገንዳ አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ቁጥብ፣ ሰው የማታባብል ወጣት ሴት ናት። አንድ ቀን እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ አስገብታው፣ ትንሽ ደግፋ ይዛው ቆየችና እጆቿን ለቀቀችው። ቆመ። በሁለት እግሩ፣ ማንንም ሳይዝ ቆመ። ሚስቱ ፎጣ ይዛ ዳር ላይ ነበረች።

“አየሽኝ?” አላት።

“አየሁህ” አለች። ፎጣውን ዘርግታ ጠበቀችው።

ያን ዕለት ባለሙያዋ ለብቻዋ ጠርታ ነገሩን እቅጩን ነገረቻት። “ውሃው ክብደቱን ይሸከምለታል፤ ለዚህ ነው የቆመው። በዚህ የሙቀት ወራት በየቀኑ እንዲህ ያለ ውሃ ካገኘ በምርኩዝ የሚራመድ ይመስለኛል። ካላገኘ ጡንቻው እየሟሸሸ ይሄዳል። ከሟሸሸ በኋላ ደግሞ ውሃም ቢሆን አይመልሰውም። እዚህ ያለው ተራው እያለቀ ነው፤ ብዙ ሰው እየጠበቀ ነው። ግቢ አላችሁ?”

“አለን።”

“እንግዲያው መሬት ሳይቆፈር የሚቆም ገንዳ ፈልጉ። ደረቱ ድረስ ይድረስለት እንጂ ትንሽም ቢሆን ይበቃል።”

መጋረጃ ሰፊዋ ለአዲስ የስፌት መኪና ያስቀመጠችው ገንዘብ ነበራት። አሮጌው መኪናዋ ክር እየበጠሰ ያስለቅሳታል፤ ቢሆንም ባሏ ሲቆም አይታለች፤ ከዚያ ወዲያ ስለ መኪና ማን ያስባል? በማግስቱ ገንዳ የሚሸጥበት ሱቅ ሄደች።

ሱቁ ሰፊ አዳራሽ ነው። ባዶ ገንዳዎች ተደርድረው ቆመዋል። ሻጩ ወፈር ያለ፣ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነው። “እኔ ራሴ መዋኘት አልችልም፤ ስለዚህ ጥልቁን በማጋነን አልታማም” አላት። ሳቀች። ጫማዋን አውልቃ አንደኛው ገንዳ ውስጥ ገባችና ቆመች። ጠርዙ ከደረቷ በላይ መጣ፤ ለባሏ ልኩ ነው። ውስጡን የሚለብሰውን ወፍራም ላስቲክ በጣቶቿ ዳበሰችው፣ ስፌቱን ፈልጋ አገኘችው። የስፌት ነገር አይሸሸጋትም፤ ደህና ስፌት ነበር። ዋስትና አለው፤ ቢበላሽ ይቀይሩላታል።

“ያገለገለ ብገዛስ?” አለችው፤ ገንዘቡ ቢተርፋት ብላ።

ሻጩ ላቡን ጠረገ። “ያገለገለ ሁሉ መጥፎ ነው ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል። ቆሞ፣ ውሃ ይዞ ካየሽው ግዢው። ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ግን ሳትፈቺ እንዳትነኪው። የግድግዳውን ቆርቆሮ ዝገት የሚበላው ከታች ነው፣ መሬቱን የሚነካው ጋ። ላስቲኩ ደግሞ አንዴ ከወለቀ ይሸበሸባል፤ ተመልሶ ልኩ አይሆንም፤ ሌላ መግዛት ነው። ብቻ ፈትተሽ እይው።”

“እሺ፣ አዲሱን ያዝልኝ፤ ሰኞ እመጣለሁ” ብላው ወጣች። መንገዱን ሙሉ ልቧ ቀለል ብሎ ነበር። ይህን የምነግራችሁ መርጣ እንደነበር እንድታውቁላት ነው። ሴትዮዋ አልተሞኘችም፤ አይታ፣ ነክታ፣ ጠይቃ መርጣ ነበር።

እሑድ የባሏ ታላቅ ወንድም መጣ። ጎማ ቤት አለው። ድምፁ ከእሱ ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው። ባልና ሚስቱ ሁለቱም ጋሼ ይሉታል። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ታናሹን ያሳደገው እሱ ነው፤ ይህንንም ማንም እንዲረሳው አይፈቅድም።

“ገንዳ ልትገዙ ነው ሲሉ ሰማሁ” አለ፣ ገና ሳይቀመጥ። “እኔ እያለሁ? የኔው ገንዳ ልጆቼ ካደጉ ወዲህ ተጠቅልሎ ተቀምጦ የለም እንዴ? ከአዲሱ በግማሽ ውሰዱት። ለሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ዋጋ አልሰጥም፤ ወንድሜ ነው ብዬ ነው።”

መጋረጃ ሰፊዋ ባሏን አየችው። “አዲስ ይዘናል” እንዲል ነበር የጠበቀችው። እሱ ግን ዓይኑን ጉልበቱ ላይ ከተዘረጉት እጆቹ ላይ አላነሳም።

“ጋሼ ካለ ጥሩ ነው” አለ።

ታላቅየው ሲሄድ “አዲሱ ዋስትና አለው እኮ። ሰውየው ይዞልኛል” አለችው።

“የወንድሜን ገፍተሽ ከባዳ ልትገዢ? ነገ ምን ይለኛል?”

“ፈትተን አይተን ቢሆን እንኳ…”

“ተይ እንጂ፣ እሱ እኮ ነው ያሳደገኝ” አለ፣ ነገሩን እንደጨረሰ ሰው ፊቱን አዙሮ።

ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለ፤ ሐኪም አይቶት አያውቅም። ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው፤ ሰውን በሳቅ፣ በጨዋታ፣ “ኧረ ምንም አይደለም” እያሰኘ ነው የሚጨርሰው። ሴትዮዋን ከልጅነቷ ጀምሮ ይዟታል። ባሏን ደግሞ ከእሷ ብሶ ይዞት ነበር፤ ያኔ ግን አላወቀችም። ሰኞ ገንዳ ሻጩ ጋ ደውላ “ይቅርታ፣ ከቤተሰብ አገኘን” አለችው። እሱም “ከቤተሰብ ከሆነ ጥሩ ነው” አላት፤ ምን ይበል።

ዕቃውን ልታመጣ የሄደችው ከባሏ የሥራ ባልደረባ ጋር ነው። በያጅ ነው፤ አንድ ላይ ስንት ጣሪያ ወጥተው ወርደዋል። በያጁ ታላቅየውን ተከትሎ ከጓሮ ምሰሶዎችና ብሎኖች ሲጭን፣ እሷ ጋራዥ ውስጥ ተጠቅልሎ በገመድ ጥፍር ተደርጎ ከታሰረው ቆርቆሮ ጋር ቀረች። የታላቅየው ሚስት አጠገቧ ቆማለች። ገመዱ የታሰረው ለመፈታት አይመስልም። መጋረጃ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን ነካ አደረገችው።

“ምነው የኔ እህት፣ ሌባ ቤት የመጣሽ መሰለሽ እንዴ?” አለች ሚስትየው እየሳቀች።

እሷም ሳቀች። “ኧረ በስመ አብ! ቁመቱን ልለካው ብዬ ነው” አለችና ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ለካችው። ምን የሚለካ ነገር ነበረው? እንደዚያም ሆኖ ለካችው፤ ቁጥሩንም ጮክ ብላ አነበበች፤ ቋጠሮውን ተወችው። የሱቁ ሰውዬ ያላትን ቃል በቃል ታስታውስ ነበር። ግን የባል ወንድም የሰጠውን ዕቃ ፊቱ ላይ ፈትቶ መመርመር “አጭበርባሪ ነህ” ከማለት በምን ይለያል? ሒሳቡን ከፈለች፣ አመሰገነች፣ ይዛ ሄደች። እኔ ብሆን እፈታው ነበር ማለት ደስ ይለኛል፤ ግን አንድ ጊዜም የወንድሜን ዕቃ ፈትቼ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ባልየው ማገገሚያ ማዕከሉ እያለ በያጁ ግቢው ውስጥ ቆርቆሮውን ፈታው። ላስቲኩ እንደተባለው ተሸብሽቦ የማይረባ ሆኗል፤ ይሁን፣ እሱንስ ጠብቃው ነበር። ከቆርቆሮው ግርጌ ስንዝር የሚያህለው ዙሪያውን ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ያምራል። በያጁ ካቻቪቴውን አንስቶ ቀለሙን ጫን ሲያደርገው፣ ካቻቪቴው ሳይቸገር በሌላው በኩል ወጣ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ደገመው። እዚያም ወጣ።

“እህቴ፣ ይሄ ቆርቆሮ አይደለም” አላት። “ቀለም ብቻ ነው የቆመው። መልሽላቸው።”

መመለስ! ምን ብላ? መጋረጃ ሰፊዋ ለገንዳው መደብ የመጣው አሸዋ ክምር ላይ ተቀመጠች። የመጣላት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ባሏ ወንድሙ እንዳታለለው ቢያውቅ ምን ይሆናል? እግሩን ያጣ ሰው፣ በዚያ ላይ ያሳደገውን ሰው ይጣ?

“እባክህ ለእሱ እንዳትነግረው” አለች። “የሚጠገን ከሆነ ጠግነው።”

በያጁ ሊበይደው ቢሞክር እሳቱ እየበሳው አስቸገረ። ስለዚህ ዙሪያውን ሌላ ላሜራ አልብሶ በሪቤት ሚስማር ጠረቀመው። “ግማሽ ድረስ ብቻ ሙዪው” አላት። ግማሹ ግን የባሏ ጭን ጋ ነው የሚደርሰው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያለችው ደረት ነው፤ በግማሽ ውሃ አይቆምም። አዲስ ላስቲክ ገዛች፣ ላሜራ ገዛች፣ አሸዋ አስጨመረች፣ አብሮ የመጣው ፓምፕ አልነሳ ብሎ ሌላ ፓምፕ ገዛች። የስፌት መኪናው ገንዘብ እዚህ ላይ አለቀ። በያጁ ከእንጨት መወጣጫ ሠራ፤ ወንበሩ እስከ ጠርዙ እንዲወጣ።

የሞላበት ቀን ፀሐያማ ነበር። ባልየው ቁምጣውን ለብሶ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። “ዓሣ እንዳትጨምሪበት፣ እኔ ብቻዬን እበቃለሁ” እያለ ይቀልዳል። መላጨት ትቶ ነበር፤ ያን ቀን ተላጭቷል። ውሃው ከፍ እያለ ሲሄድ ግን ዓይኑን ከቆርቆሮው ግርጌ አላነሳም። እሷ የውሃውን ጎማ ይዛ ቆማለች። እባክህ፣ እባክህ ትላለች በሆዷ፤ እግዜርን ይሁን ቆርቆሮውን አታውቀውም።

መጀመሪያ የሰማችው ድምፅ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ነው። ሥራዋ ነውና ከማንም በፊት አወቀችው። ወዲያው ግድግዳው ከሥሩ ተከፈተና ውሃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። መወጣጫውን ገነጣጠለው፣ የጎረቤትን የችግኝ መደብ ጠርጎ ወሰደው፣ ወንበሩን ከነሰውየው አንስቶ ከአጥሩ ጋር አላተመው። ስትደርስለት ባሏ ጭቃው ውስጥ በሆዱ ተኝቶ ነበር። አልተጎዳም። ገልብጣ አቀፈችው። እሷም ጭቃ፣ እሱም ጭቃ። አላለቀሰም፤ የሆነውን ሁሉ ቀድሞ እንደሚያውቀው ሰው ተመለከተው። ድንጋጤው ነው ብላ አሰበች።

ታላቅየው በማግስቱ መጣ። የተቀደደውን ግድግዳ በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገውና “አገጣጠሙ ላይ ነው ችግሩ” አለ። “እኛ ጋ ስንት ዓመት ቆሟል፣ አንዲት ጠብታ ሳይጥል። ቸኩላችሁ ነው። በያጁም ያልነካውን ሲነካካው ይሆናል።” የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይሄ ነው። እሷ ባሏን አየችው።

“ሳይሆን አይቀርም ጋሼ” አለ ባሏ።

ያ ቃል የት እንደገባባት አትጠይቁኝ። ቢሆንም አሁንም አልተናገረችም። ሳያውቅ ነው፣ ምስኪን፣ ቢያውቅ እንዲህ አይልም አለችና ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። የሌላ ገንዳ ገንዘብ አልነበራትም። ብድር ጠየቀች፣ አላገኘችም። የአንድ ደንበኛዋን ቤት ገንዳ ለመነች፤ “በደስታ” አሏት፣ ቀኑን ግን አልነገሯትም። በዚህ መሃል ሙቀቱ አለፈ፣ ብርዱ ገባ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጭኑን በሜትር ለካች፣ ከዚህ በፊት የጻፈችውን ተመለከተች፣ እንደገና ለካች። “ከስቷል” አለች። “በምርኩዝ መራመዱን ከእንግዲህ ባታስቡት ይሻላል። ባዶ ተስፋ ልሰጣችሁ አልፈልግም። ውሃውን ለምን ተዋችሁት?” ሚስቱ ጎንበስ ብላ የባሏን ጫማ ማሰር ጀመረች።

ቤት ሲደርሱ ከመኪና ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ሶፋ አወረደችው። ወገቧ ላይ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ግድግዳውን ይዛ ቆመች፤ ትንፋሿ ሲመለስ ቃሉም አብሮ መጣ።

“ወንድምህ ነው” አለች። “አገጣጠም አይደለም። ከሥሩ በስብሶ ነበር። ዝገቱን ቀለም ቀብቶ ሰጠን። እንዳይከፋህ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ።”

ባሏ ወደ መስኮቱ ዞረ።

“ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ” አለ።

“ምን አልክ?”

“ከመውደቄ በፊት ነው። ሊሸጠው ነበር። ‘ገዢ ይመጣል፣ እስቲ ትንሽ አሳምርልኝ’ አለኝ። ቆርቆሮ የማውቀው እኔ ነኝ። አለቀ አልኩት፣ ለወዳደቀ ብረት ገዢ ስጠው አልኩት። አልሰማኝም። ቀባሁለት። ከዚያ እኔ ወደቅኩ፣ ገዢውም ሳይመጣ ቀረ።”

“አውቀህ ነዋ እሺ ያልከው።”

“ምን ልበለው? ዝጓል ብለው፣ ‘አንተው አይደለህ የቀባኸው? ለሰው ሲሆን ይሆናል፣ ላንተ ሲሆን አይሆንም?’ አይለኝም? ምናልባት ይይዛል ብዬ ነበር።”

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላል ያገሩ ሰው። ታላቅየው ያውቃል፣ ታናሹም ያውቃል፣ ታላቅየው ታናሹ እንደሚያውቅ ያውቃል። እሷም ቆርቆሮው ከተፈታበት ቀን ጀምሮ ታውቃለች። ሁሉም የሚያውቁትን አንድ ዝገት እየተደባበቁ ውሃ ሞሉበት።

“እግርህ ነበር እኮ” አለችው።

“እግሬ ነው፤ ያንቺ አይደለም” አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

“ያንተ ቢሆንማ አንተ ታነሳው ነበር።”

ቆይቶ፣ ለስለስ ብሎ፣ “ብቻ አደራሽን፣ ማወቅሽን ለጋሼ እንዳትነግሪው” አላት።

እሑድ ታላቅየው መጣ። ተቀመጠ፣ ስለ ጎማ ዋጋ አወራ፣ ስለ ልጆቹ አወራ፣ በመጨረሻ እንደ ልማዱ “እንዴት ነው ታዲያ፣ እግሩ ለውጥ አለው?” አለ። መጋረጃ ሰፊዋ ዳር ቆማ የደንበኛ ጨርቅ እያጠፈች ነበር። ጨርቁን አስቀመጠችው። ሰው ቤት ስትገባና ስትወጣ ኖራ፣ ስንት የተንጋደደ ነገር በእጥፍ ስታስተካክል ኖራ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችውን እንዳየችው ተናገረች።

“ለውጥ የለውም ጋሼ” አለች። “ከእንግዲህም አይኖረውም። የሸጡልን ገንዳ ሥሩ አልቆ ነበር። እርስዎ ያውቁ ነበር። እሱም ያውቅ ነበር፣ ቀለሙን ራሱ ስለቀባልዎ። አዲስ ይዤ ነበር፤ ለእርስዎ ተብሎ ቀረ። የወንድምዎ እግር በዚህ ነው የቀረው።”

ድምጿን አላነሳችም። አንቱታዋንም አልጣለችም። ታላቅየው ወንድሙን ተመለከተ። እሷም ባሏን ተመለከተች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ “እውነቷን ነው” ቢል ይበቃት ነበር። ይህን ቢላት እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ ብትሸከመው ቅር አይላትም ነበር።

“አትስማት ጋሼ” አለ ባሏ። “ደክሟት ነው።”

ታላቅየው ቀስ ብሎ ተነሳ። “አይ፣ ይገባኛል፣ የእሷም ነገር ቀላል አይደለም” አለ፤ ወንድሙን ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ እሷንም “በርቺ እህቴ” ብሏት ወጣ። ባሏ የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀ። ከዚያ ዓይኗን ሳያያት፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ እንደሚፈልግ ነገራት።

መጥታ ክንዶቿን በብብቱ ሥር አስገባችና አነሳችው። ሌላ ማን ያነሳዋል?